የመኝታ ቤቱ መስመር

ሎም፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለኔዳ፤ ቫላዶሊድ

እንደምን ከርመሻል? ፕላመንስ ከፈረንሳይ መንገዱ በሰላም ተመለሰ? የከባድ መኪና ሹፌር ያገባች ሴት አየሩን ከእኛ የበለጠ እንደምትከታተል አውቃለሁና ስለ በረዶው አላወራሽም። ባለፈው ረቡዕ ደብዳቤ ሳልልክልሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የስፔኑ አውቶቡስ ሲነሳ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ጭንቅላቴን የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ነበር።

የላክሽው የመብራት መከታተያ ደርሷል። ካርቶኑ ተጨማድዷል እንጂ ዕቃው ደህና ነው። እንዴት እንደገጠምከው አንድ በአንድ ጻፍልኝ ስላልሽ እነሆ። መጀመሪያ እናትሽን ከኦክስጅን ማሽኑ ነቅዬ ወደ ትንሿ ሲሊንደር አዛወርኳት፤ ከዚያ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁ። መሣሪያው የክብሪት ሳጥን ያህላል፤ ሁለት ቆንጣጮች አሉት። አንዱን ከቆጣሪው በሚመጣው ዋና ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ማሽኑ ወዳለበት ወደ መኝታ ቤት በሚሄደው ሽቦ ላይ አደረግሁ። መቁረጥ የለ፣ መላጥ የለ፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ ይይዛል፣ በቃ። የብረት ሳጥኑ ኢንተርኔቱን ስላፈነው አንቴናውን በጎን ቀዳዳ አወጣሁት። የቀረውን ጎረቤታችን እትዬ ፔና በስልኳ ሞላችልን፤ የይለፍ ቃሉን አራት ጊዜ ተሳስታ አራት ጊዜ ራሷን ረገመች።

«ቤታችሁ ለመንግሥት መብራት መሸጥ ጀመረ እንዴ?» ብለሽ በፔና ስልክ የላክሽውን ቀልድ አይቻለሁ። እውነትሽን ነው። ዋናውን ቆንጣጭ ገልብጬ ስለነከስኩት ቁጥሩ ሁሉ ከዜሮ በታች ሆኖ ነው የደረሰሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በማሰራጫ ጣቢያ የከተማ ጭነት የተቆጣጠረ ሰው ቀስት አይቶ መግጠም አቃተው! ለማንም እንዳትናገሪ።

ለምን ቁጥር ብቻ ትልካለህ፣ ለምን አትደውሉም ላልሽው፤ እንደምታውቂው የእኔን ድምፅ ሐኪሞቹ ከጉሮሮዬ ጋር ከወሰዱት አራት ዓመት ሆነ። የእናትሽም ትንፋሽ አሁን ለስልክ አይበቃም። ስለዚህ እሷ አፍ፣ እኔ እጅ ሆነን እንጽፍልሻለን። አሁንም አጠገቤ ሆና እንዲህ ትላለች፦

«አባትሽ ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ፈታው፣ ሦስት ጊዜ ገጠመው። ገልብጠህ አስተካክለው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያንን አልጻፈልሽም አይደል? እኔ ከአልጋ ሳልነሳ።»

አባትሽ ራንጌል

ቫላዶሊድ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2017

ለእጅና ለአፍ፣ ለሁለቱም ወላጆቼ

ሰላምታዬ ከዳኑብ ውሃ ይብዛላችሁ። ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ ወጥ ቤት ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት።

አባዬ፣ ምን እንደምታዪ ንገሪኝ ብለኸኛል። ሁለት መስመር ነው የማየው። የላይኛው መላው ቤት ነው። ጠዋት የውሃ ማፍያው ሲጣድ እንደ ሾጣጣ ይነሳል፤ ፍሪጁ በየሃያ ደቂቃው ትከሻውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ቅዳሜ ጠዋት ኦቭኑ ሲበራ ባኒትሳ፣ ያንን የአይብ ቂጣችንን፣ ልትበሉ እንደሆነ ዓርብ ማታ ዱቄቱን ያቦካሁ ያህል አውቃለሁ። የታችኛው የመኝታ ቤቱ ነው። እሱ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ማሽኑ በሳበና በለቀቀ ቁጥር አንድ ጥርስ። ሥራ ቦታ በሰዓት አንድ ጊዜ ሽንት ቤት እገባለሁ። እሱን ለማየት ነው።

እንደ ሌባ በቁልፍ ቀዳዳ የማያችሁ እየመሰለኝ አፍራለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ግን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ ሌላ ምን ቀዳዳ አለኝ?

የደበቅኳችሁ አንድ ነገር አለ። የእርግዝናዬን አምስተኛ ወር ሳልይዝ ትንፍሽ አልልም ብዬ ነበር፤ ያለፉትን ሁለቱን ካጣሁ በኋላ አፌ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነው። ይዣለሁ። ሴት ናት ይላሉ። እማዬ፣ እስክወልድ ድረስ ደስ እንዳይልሽ፤ እኔም ደስታዬን ቆልፌበታለሁ።

የሳምባው ሐኪም ባለፈው ምን አለ? ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ስለ በረዶው ጽፋችሁልኛል።

ኔዳ

ሎም፣ ዲሴምበር 13 ቀን 2017

ልጄ ኔዳ፣

እንኳን አምላክ ይህን አሳየን። ደስ እንዳይላችሁ ያልሽው ትእዛዝ በአባትሽ በኩል ተከብሯል፤ በእናትሽ በኩል ገና ደብዳቤው ሳያልቅ ተጥሷል። ከፔና ጋር ሆነው የሱፍ ክር ጀምረዋል።

ሥራው ይናፍቅሃል ወይ ብለሽኛል። ሥራው ሳይሆን መስመሩ ይናፍቀኛል። ጣቢያው ውስጥ ሆኜ ከተማዋ ምን እየሠራች እንደሆነ በጭነት መለኪያው መርፌ አውቅ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የወረቀት ፋብሪካው ሲነሳ ወንበሬ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሰው ወደ አገራችሁ ሄደ፤ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት የመላው ከተማ ጭነት በፊት አንድ ፋብሪካ ይወስድ ከነበረው ያነሰ ነበር። አሁን የእኔን መስመር ልጄ ስታይ፣ ያኔ ያየሁት ሁሉ ሰው እንደነበር ነው የገባኝ። አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ።

ሐኪሙን ጠይቀሻል። ሐኪሙ ክረምቱን በጥንቃቄ እንድናሳልፍ ብሏል። ማሽኑን ከሦስት ወደ አምስት ሊትር ከፍ አድርጎልናል፤ ለዚያ ነው መስመሩ ትንሽ የጨመረው። ስለ በረዶው ደግሞ፦ ዳኑብ ጠርዝ ጠርዙን በረዶ መያዝ ጀምሯል።

እናትሽ እንዲህ ትላለች፦ «ባኒትሳውን አሁን የሚጋግረው አባትሽ ነው። እኔ ከአልጋ ሆኜ አዛለሁ፣ እሱ እየሰማ ያቃጥላል። ልጅቷ በአባቷ ወገን እንድትወጣ ጸልዪ፤ በራንጌል ወገን ከወጣች ቀስት አታውቅም።»

አባትሽ

ቫላዶሊድ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2018

ለምወዳችሁ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከሆስፒታል አልጋ ነው፤ አትደንግጡ፣ ተቀምጬ ሳይሆን ተኝቼ ስለምጽፍ ነው እጄ የተጣመመው። ትንሽ ደም አይቼ ነበር። ሐኪሟ እስክትወልጂ ከዚህ አትንቀሳቀሺም አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ድረስ ብቻ ተፈቅዶልኛል። ያለፉት ሁለቱ በዚሁ ወር አካባቢ ነበር የሄዱብኝ፤ ስለዚህ እየቆጠርኩ ነው የምኖረው።

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ የመኝታ ቤቱን መስመር አያለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ፊልም ነው?» አለችኝ። «እናቴ ናት» አልኳት። 

አባዬ፣ ይህ ለአንተ ብቻ ነው፤ ለእማዬ አታንብብላት። ፕላመን አንድ ነገር ሊነግረኝ ሲል ዓይኑን ወደ መስኮት ያዞራል። አንተ ስትጽፍ ስለ በረዶ ታወራለህ። ሁላችሁም እንደ እንቁላል ይዛችሁኛል። እኔ እንቁላል አይደለሁም። አንድ ነገር ማልልኝ፦ የሆነ ነገር ከሆነ ከእኔ አትደብቅ። ቀብር ላይ ባልቆም እንኳ የቆማችሁበትን ሰዓት ልወቅ። በመቃብሯ ላይ ሳልቆም የቀረሁ ልጅ መሆኑ ይበቃኛል፤ ሳላውቅ ስስቅ የዋልኩ ልጅ ደግሞ አታድርገኝ።

ምለሃል? በሚቀጥለው አውቶቡስ ጻፍልኝ።

ኔዳ

ሎም፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2018

ልጄ ኔዳ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ደሙስ ቆመ? ተኝተሽ የጻፍሽው ጽሑፍ ከእኔ ቁም ጽሑፍ ይሻላል። በአሥራ ሰባት የተነሳው አውቶቡስ አንድ አጭር ወረቀት ብቻ ስለያዘልሽ ይቅርታ። እምላለሁ ያልኩበት ወረቀት ነው፤ ደርሶሽ ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ እስከ ሰባት ሰዓት የመኝታ ቤቱ መስመር ዜሮ ሆኖ አይተሽ ደንግጠሽ እንደሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። በረዶ ሽቦ ጥሎ። ሲሊንደሩ ስላለ ምንም ችግር አልገጠመንም። አሁን ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ታይዋለሽ። ቀንም ሌትም ይሠራል።

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ በርትቷል። ፔና በየቀኑ ትመጣለች፣ ሾርባ ታመጣለች። ሌላ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ እጄ ዛሬ ይከብደኛል።

እናትሽ እንዲህ ትላለች፦ «አታስቢ። አባትሽ በደንብ ይንከባከበኛል። አንቺ ራስሽንና ልጅሽን ጠብቂ።»

አባትሽ

ቫላዶሊድ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2018

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ መብራቱ መጥፋት የጻፍከው ገብቶኛል። እግዜር ያበርታህ፤ በበረዶ ሽቦ ሲወድቅ ብቻውን የሚቆም ሰው ይከብደዋል።

እዚህ ሠላሳ አንደኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ደሙ ቆሟል። ሐኪሟ አታልቅሺ፣ ሆድሽ ይጠነክራል ስላለችኝ እየተጠነቀቅኩ ነው። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም፤ እርጉዝ ሴት ምክንያት አያስፈልጋትም መሰለኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለእማዬ ነው። ያለችበት ሄደህ አንብብላት። ድምፅ እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ከንፈርህን አንቀሳቅስ፣ ይበቃል።

እማዬ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደዚህ ስመጣ አውቶቡስ ጣቢያ አልሸኘሽኝም። ቃሪያ እየጠበስኩ ነው፣ ማሰሮው አያስወጣኝም ብለሽ በር ላይ ሳምሽኝና ተመለስሽ። በመሄዴ ተቆጥተሽ መሰለኝ። እኔም ተቆጣሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ስደውል ከአባቴ ጋር የማወራው ለዚያ ነበር። አሁን እዚህ ተኝቼ የመንገዱን ደረጃዎች ቆጠርኳቸው፤ ከእኛ ቤት እስከ ጣቢያው ስልሳ አራት ናቸው። ያኔም ትንፋሽሽ ያጥር ነበር አይደል? ሻንጣ ይዤ እየወረድኩ መሐል ላይ ቆመሽ ስታለከልኪ እንዳላይሽ ብለሽ ነው። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት በቃሪያ ቂም ያዝኩብሽ። ይቅር በይኝ። የሰጠሽኝን የቃሪያ ብልቃጥ ግማሹን መንገድ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች አበላሁት፤ እሱንም ይቅር በይኝ።

ብርዱን ቻይው። ደህና ሁኚ።

ኔዳ

ሎም፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018

ልጄ፣

አነበብኩላት። ያለችበት ሄጄ አነበብኩላት፤ ሁለት ጊዜ። ነፋስ ስለነበረ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ነው።

ዛሬ የወይን በዓል ነው፤ ሰዉ ተክሉን ይገርዛል፣ ከተማው በራኪያ አረቄ ሰክሯል። እኔ አልወጣሁም። ባኒትሳው ቅዳሜ ተጋግሯል፤ ኦቭኑን አይተሽው ይሆናል።

እናትሽ ስለ ቃሪያው፦ «ይቅር ብዬሻለሁ» ትላለች።

ስላጠረ ይቅርታ።

አባትሽ

ሎም፣ ማርች 14 ቀን 2018

ልጄ ኔዳ፣

እንኳን ማርያም በሰላም አወጣችሽ። ዓርብ ዕለት ፕላመን ለፔና ደውሎ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ፣ ጸጉራም፣ ጮኸች፣ እናቲቱም ደህና ናት ሲል ፔና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። የልጅቷን ጩኸት ሰማሁ። በእኔ ምትክ የጮኸች መሰለኝ።

አሁን ተቀመጪ። ፕላመን አጠገብሽ ይሁን። ይህን ደብዳቤ እስካሁን በስንት መንገድ እንደጀመርኩት አልነግርሽም። መርዶ የሚነግር ሰው በጠዋት፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚነግረው፤ እኔ ግን ድምፅም ደጃፍም የለኝም። እናትሽ ዝላትካ ሐሙስ ጃንዋሪ 18 ቀን ጠዋት አርፋለች። ዓርብ ቀበርናት። መሬቱ ከብርዱ የተነሳ እሳት አንድደው ነው የቆፈሩት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰዓቱን ጠይቀሽኝ ነበርና።

እምላለሁ ብዬ የላክሁልሽ ወረቀት መንገድ ላይ ሳለ ነው መሐላዬን ያፈረስኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካለፈች በኋላ። ቱቦውን ከአፍንጫዋ አነሳሁ፣ ማሽኑ ግን ለማንም ሳይሆን ይነፍስ ነበርና መታገሥ አልቻልኩም፤ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ቤቱ ዝም አለ። ፔናና አንዲት ሴት መጥተው አጠቧት፣ አለበሷት። ፔና ውሃውን ልትደፋ ስትወጣ ቆም ብላ «ራንጌል፣ ልጅቷ ይሄን ታየው የለም እንዴ?» አለችኝ። አንቺ ታየሽኝ፤ እዚያ ተኝተሽ፣ ያቺን ስልክ ደረትሽ ላይ አድርገሽ። ሐኪሞቹ ድንጋጤ እንዳያገኛት ያሉትን ፕላመን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ሮጬ መልሼ ሰካሁት። ፔና ለፕላመን ደወለች፤ እሱም በእንባ እስክትወልድ ዝም በሉ አለ። በእሱ አትፍረጂ። እጁን ይዤ ውሸት ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ባዶ አልጋ አጠገብ ሌት ተቀን ሲተነፍስ ኖረ። እኔ ወጥ ቤት አግዳሚ ላይ ተኛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ኦቭን ለአንድ ሰዓት አበራ ነበር። እሷ ትላለች እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ የእኔ ነው። ስጽፈው ልትስቅብኝ ትመጣለች ብዬ ወደ በሩ አይ ነበር።

የባሰው ይሄ ነው። ማሽኑ ከሆስፒታል በውሰት የተሰጠን ነው፤ ሰው ካረፈ በአሥር ቀን ይመለስ ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከአርባዋ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሰው ተሰብስቦ የስንዴ ንፍሮውን እየበላ ሳለ ዲማና፣ የወደቡ የጌርጊን ሚስት፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ራንጌል፣ እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው ማነው?»

ወረቀቴ ላይ «ማሽኑ» ብዬ ጻፍኩላት።

«ለማን ነው የሚተነፍሰው?»

ሰዉ ሁሉ ማንኪያውን አቆመ።  እሷም ቀስ ብላ «የእኔ ሰውዬ አምስት ሳምንቱ ቪዲን ሆስፒታል ተኝቶ። ቤት ውስጥ የሚያስተነፍሰው ማሽን ስለሌለ አንሰድህም ብለውት። ሰው ሲያርፍ አንድ ይመለሳል፣ ጠብቂ ይሉኛል። እኔም እጠብቃለሁ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ማሽኑን በጋሪ ገፍቼ ራሴ ወሰድኩላቸው፤ ሆስፒታሉም ወረቀቱን ቀየረልን። ጌርጊን እቤቱ ተመልሷል። ለምን እንደያዝኩት ጽፌ አሳየሁት፤ አልጋው ላይ ሆኖ አየኝና «ሞቷን ለልጅህ ባትነግራት እንኳ ለእኔ ልትነግረኝ ትችል ነበር። አብረን እንዋሽ ነበር» አለኝ። 

ያን ቀን እንኳ ላቆም አልቻልኩም። ከምድር ቤት ያረጁ አምፖሎች አውጥቼ፣ ሦስት መቶ ስልሳ ዋት እስኪሞላ መኝታ ቤቱ ውስጥ ደረደርኳቸው። ባዶ ክፍል ውስጥ እስክትወልጂ ድረስ ሲበሩ ኖሩ። ዓርብ ዕለት አጠፋኋቸው።

እናትሽን እንዳትቀብሪ ከለከልኩሽ። ሳታውቂ እንድትስቂ አደረግሁሽ። ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አልጠይቅም፤ ጻፊልኝ ብቻ።

አባትሽ ራንጌል

ቫላዶሊድ፣ ማርች 25 ቀን 2018

አባዬ፣

ለሰላምታው ጊዜ ስለሌለኝ ይቅርታ፤ ልጅቷ ተኝታለች፣ ብዙ አትተኛም።

አውቅ ነበር። ከዚያው ሐሙስ ጀምሮ።

መብራት ጠፋ ብለህ ጻፍክልኝ፤ የላይኛው መስመር ላይ ግን ፍሪጁ ያን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በየሃያ ደቂቃው ትከሻውን ያነሳ ነበር። የውሃ ማፍያው አራት ጊዜ ተጥዷል። በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ ውሃ የሚፈላው ለምን እንደሆነ እኔም የመንደር ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጭነት የተቆጣጠረ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም ነበር፤ ያንን ሳስብ ምን ያህል እንደተመታህ ገባኝ። ከዚያ ደግሞ እማዬ አሞገሰችህ። እማዬ አንተን! በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጋዙ ጥርስ በአንድ ጠዋት እንደ ገበታ ለጥ አለ። አምፖል መሆኑን አላወቅኩም፤ ማሽን አለመሆኑን ግን አወቅኩ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። አንተን ላስታምም ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ለእትዬ ፔና አንድ መልእክት ብልክ ይበቃኝ ነበር። ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። አልላክሁም። መስመሩ እስካለ ድረስ አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ ካወቅኩ ደግሞ ልጅቷ ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አንተ ዋሸኸኝ፣ እኔ ደግሞ ውሸትህን በየደቂቃው እየከፈትኩ አየሁት።

ያም ሆኖ ግን ተቆጥቼብሃለሁ። አስምዬህ ነበር። ስለ ጌርጊን ያነበብኩት ዕለት ደግሞ በራሴ ተቆጣሁ፤ ማሽኑን አምስት ሳምንት የያዘችው የእኔ ዓይን ናት። ለዲማና ይህን ንገርልኝ፤ ወይም ራሴ እጽፍላታለሁ።

ስሟን ራዳ ብለናታል። ሰዉ ሁሉ ዝላትካ ትላታለህ ብሎ ለፕላመን ነግሮት ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ያን ስም ጠርቼ ሌላ ሰው አቤት እንዲለኝ አልፈልግም፤ ገና ነው።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱ፣ ቆንጣጮቹን ከሳጥኑ አታውጣ። አሁን ብቻህን ነህ። ሁለተኛው፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ቃል ፈጥረህ በእሷ አፍ አደረግህ። አሁን እውነተኛውን ስጠኝ። መጨረሻ ላይ ምን አለች?

ልጅህ ኔዳ

ሎም፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2018

ልጄ ኔዳ፣

ሕማማት ነው፤ ከተማው እንቁላል ያቀልማል። የአንቺና የራዳ ጤና ከሁሉ በላይ ይሁን። ፎቶዋን ፔና አሳትማ አምጥታልኛለች፤ ግንባሯ የእኔ ነው፣ የቀረው እግዜር ያውቃል።

ለዲማና የጻፍሽው ደርሷታል። አንብባ አጣጥፋ መሶቧ ውስጥ አስቀመጠችው። ሰኞ አንድ ሳህን ዓሣ ላከችልኝ።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ቆንጣጮቹን አውጥቻለሁ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ በፊት ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ከደረሰኝ በኋላ ነው። የውሃ ማፍያዬን አይተሽ ደህና ነው እንድትይ አልፈልግም። በየረቡዑ እጽፍልሻለሁ። ሲከፋኝ ከፍቶኛል እላለሁ። ካልጻፍኩ ለፔና ደውዪ።

ስለ ሁለተኛው። ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አምስት ቀን የወሰደብኝ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ የደበቅኩሽ ለአንቺ ብዬ ነው፤ ይሄንን ግን ለራሴ።

ስለ አንቺ ምንም አላለችም። ስለ እኔም። የዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት በፊት ነበር። ትራሷን ከፍ አድርጌላት ተቀመጥኩ። «መስኮቱን ክፈተው» አለችኝ። ውጪው ከዜሮ በታች አሥራ አራት ዲግሪ ነበር። ትንፋሿ አጥሯል፣ ብርድ ይጨምርባታል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቴ ላይ «ውርጭ ነው» ብዬ ጻፍኩና አሳየኋት። አነበበችው። ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንደገና «ትንሽ ብቻ፣ ራንጌል» አለች። ወረቀቱን እንደገና አነሳሁላት። ያንኑ ወረቀት። ከዚያ ምድጃው እንዳይጠፋ ብዬ እንጨት ላመጣ ወጣሁ።

አራት ደቂቃ አልቆየሁም። ስመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች አልፋ ነበር። እንጨቱን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ካስቀመጥኩት በኋላ ሄጄ ከፈትኩላት፤ ሁለቱንም ክንፍ፣ ወለል አድርጌ። ሴቶቹ እስኪመጡ ድረስ በረዶው ወለሉ ላይ ሲገባ አልዘጋሁትም።

አባትሽ